ምልክቱ የማይታይበት መስመር

የጥፍር ቀለም ሽታ አልወድም። የጌጥ ጠላት ሆኜ አይደለም፤ እኔም በጊዜዬ አጊጫለሁ። ነገር ግን ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል። ባለፈው ኅዳር ከጓሮ ጎመን ቀንጥሼ ስገባ የእህቴ ልጅ ሰብለ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፗን በርጩማ ላይ አድርጋ፣ ኔትወርክ እስኪመለስ ጥፍሯን ስትቀባ አገኘኋት። በሩ ላይ ቀጥ አልኩ።

«ምን ሆኑ አክስቴ?» አለችኝ።

«ምንም። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቅጽ።»

«የምን ቅጽ?»

«የማኅበሩ። ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች በስልካቸው የሚመዘገቡበት። ጋሽ ጌታሁን ናቸው ያዘዙኝ።»

ጎመኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሽታው፣ ቅጹና ጌታሁን በአንድ ቀን፣ በእኔው ቤት። እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይገጣጠምም ብዬ አሰብኩ። አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ሽታው የስቴንስል ማረሚያ ሽታ ነው። ስቴንስል የማያውቅ ወጣት ካለ ልንገረው፤ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በብረት ጫፍ ሲጭሩት ሰሙ ይነሳል፤ ማባዣው መኪና ላይ ሲጠመጠም ቀለሙ በተጫረበት በኩል ብቻ ያልፋል። ሲሳሳቱ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ቀይ ፈሳሽ ይቀቡበታል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይጭሩታል። ያቺ ጠርሙስ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ጠረጴዛው ደግሞ ስሙን በማልጽፈው ሆቴል ቢሮ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ያኔ ላሊበላ አስፋልት አልነበራትም፤ ባጃጅ የሚባል አልታየም፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ሣር ላይ ስለነበር ከመድረሱ በፊት አህዮቹን ከሜዳው የሚያባርር ሰው በደመወዝ ተቀጥሮ ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል። ቅዳሜ ገበያ የወረደ ሰው በአንድ ብር ምስር ሸምቶ፣ ለልጁ ሸንኮራ ጨምሮ ይመለሳል። ታች መታጠፊያው ላይ ካለው መጠጥ ቤት አምባሰል በካሴት ይንቆረቆራል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኟ ድምፅዋ እየወፈረ እየወፈረ ወንድ ትሆናለች። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ በየዘመኑ ይለዋወጣል፤ ምስማሩ ግን ያው ነበር። የየትኛው ፎቶ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ የማስታውሰው ሰማያዊውን የቴትሮን ጉርዴን ነው። በሳምንት ሁለቴ አጥቤ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ ነበር የምለብሰው፤ ከላዩ እናቴ የፈተለችውን ነጠላ ጣል አደርጋለሁ። ጌታሁን ነጠላውን አይወድም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሆቴል ነው እኮ፣ ማኅሌት አይደለም» ይለኛል። እሱ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ይለብሳል፤ ሲራመድ አቧራውን እየጠረገ ነው።

የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ እሱ ነበር። ቅጾቹን የማሰምረው ግን እኔ ነበርኩ። እንግዳው የሚሞላው፣ የምግብ ቤቱ፣ የልብስ አጠባው፣ የሠራተኛው ፈቃድ መጠየቂያ፣ ሁሉም በእጄ ያለፈ ነው። ማሰመር እንደ ቀላል ይታያል። ስም ለሚጻፍበት ረጅም መስመር ያስፈልጋል፤ የሰው ስም ከነአያቱ ሲጻፍ ቦታ ጠቦት ጫፍ ላይ ሲታጠፍ ሰውየው ይናደዳል። ቀን ለሚጻፍበት ሦስት አጫጭር መስመሮች ይበቃሉ። ወንድ ወይስ ሴት ለሚለው ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች። ለፊርማ ሰፊ ቦታ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ሰው ሲፈርም እርሻ የሚያርስ ይመስላል። ሳጥን ግን አላበዛም፤ ሳጥን ሰው ያስፈራል፤ መስመር ይጋብዛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ የእንግዳውን ቅጽ አንሥቶ ብርሃን ላይ አየውና «ይህን ማን ነው ያወጣው?» አለ። ጌታሁን ክራቫቱን እያስተካከለ «እኛው ነን» አለ። እኛው! በቀጣዩ ወር ደረጃ ያደገው ግን እሱ ብቻ ነው።

ያንን ይቅር ብዬው ይሆናል። የሚቀጥለውን አላልኩም። የሠራተኞች መረጃ ይታደስ ተባለና ቅጽ እንዳሰምር ታዘዝኩ፤ አሰመርኩ። ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ከጎኗ «ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ይላል፤ የሚለቅ ሰው ብቻ ምልክት የሚያደርግባት። የእኔ ተራ ሲደርስ ጌታሁን ሦስት ቅጂ በካርቦን ደርድሮ አመጣልኝ። ላይኛው ላይ ሳጥኗ ባዶ ናት። የራሴን መስመር ስላየሁ፣ የራሴን እጅ ስላወቅኩት፣ ገልጬ ከሥር አላየሁም። ፈረምኩ። ፊርማዬ በካርቦኑ ወደ ታች ወረደ። ከታች ያሉት ሁለቱ ላይ ሳጥኗ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባት ኖሯል። የላይኛው ቅጂ ጠፋ ተባለ። በሳምንቱ የእኔ ወንበር ላይ የጌታሁን ሚስት እህት ተቀመጠች፤ ቀዩን ጠርሙስ ከፍታ እያሸተተች «ይህ ምንድን ነው?» ስትል በመስኮት ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሲሰጠኝ ገልጬ ከሥር አያለሁ። የሠርግ ጥሪ እንኳ ቢሆን።

ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ የአባቴ ቦታ ነበረ፤ እሱ ላይ ሁለት ክፍል ሠራሁ። ዓመቱን ሙሉ ለመጣው አከራያለሁ። ለገና ግን አላከራይም። ለገና ከዋግ በኩል እማሆይ ብርቄ የሚባሉ መነኩሴ ተሳላሚዎች እየመሩ ይመጣሉ፤ ሦስት ቀን በእግር ተጉዘው፣ ስንቃቸውን በአኩፋዳ ይዘው። እናቴ ቤት ያርፉ የነበሩት የእነሱ እናቶችና አባቶች ናቸው። ስትሞት ወደ እኔ ዞሩ። እግራቸውን አጥባለሁ፣ ሣር ጎዝጉዤ አሳድራለሁ፣ ልደቱን አክብረው ይሄዳሉ። አያሳውቁም፣ አይደውሉም፤ በሩ ክፍት እንደሆነ ብቻ ያውቃሉ። በሩን ተዘግቶ የሚያገኙበት ቀን ከመጣ እዚያ ብርድ ላይ፣ አለቱ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ሌላ የሚያውቁት ቤት የለም። ስለ እኔ ብዙ ክፉ ሊባል ይችላል፤ ጎረቤቶቼም ይሉታል። በዚህ በኩል ግን ማንም ተናግሮኝ አያውቅም።

ጌታሁን አሁን የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ሱሪው ጠቧል። መስከረም ላይ ቤተ ጊዮርጊስ መታጠፊያው ላይ አገኘኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ እንደምን አሉ? ጤናዎ ደህና?» አለኝ፣ ከወገቡ ሰበር ብሎ። አንቺ ልጅ እያለ ያኖረኝ ሰው በአንቱታ ሲጠራኝ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ።

«የእህትዎ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ጎበዝ ናት አሉ» አለ።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ስም የለውም?»

ሳቀ። ጥርሱ አዲስ ነው። ባዶ ከከረሙት ዓመታት በኋላ እንግዳ መመለስ እንደጀመረ፣ ማኅበሩ ድረ ገጽ እንደሚያስፈልገው፣ ከውጭ ሰው የአገር ልጅ እንደሚሻል ነገረኝ። ለሰብለ ነግሬ ላስከለክላት እችል ነበር። ግን ከወልዲያ ተምራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይህ የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። ስለዚህ ተውኩት፤ ስትሠራው ልቆጣጠራት ብዬ አሰብኩ።

ስለዚህ ያን ቀን ጎመኑን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ከሥር ያለውን አሳዪኝ» አልኳት።

«ከሥር ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከሥር አንድ ነገር አለ።»

እውነትም ነበር። ገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ የሚናገር አንድ ጽሑፍ አለ፤ ያ ሁሉ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ የሚያዝ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ስታይል ሺት ይባላል። ለምን ለሁለት እንደተከፈለ ጠየቅኳት። «መልኩን ስቀይር ነገሩ እንዳይነካ» አለችኝ። መልኩ ሲቀየር ነገሩ የማይነካ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም፤ ግን ቀጥዪ አልኳት። የሚሞሉት ቦታዎች ሁሉ በአንድ የወል ስም ኢንፑት ይባላሉ፤ ዓይነታቸው ግን ለየብቻ ነው። ጽሑፍ የሚቀበል አለ፤ ቀን የሚቀበል አለ፤ የይለፍ ቃል የሚቀበል አለ፤ ምልክት ብቻ የሚቀበል ደግሞ ቼክቦክስ ይባላል። የይለፍ ቃሉን ወደድኩት፤ የጻፉትን ሁሉ ወደ ነጠብጣብ ይለውጠዋል፣ ለማንም አይናገርም። የቀኑን ጠላሁት፤ ስነካው የፈረንጅ ካሌንደር አወጣብኝ። «ታኅሣሥ የት ሄደ?» ስላት «ስልኩ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው አክስቴ» አለች። ችግሯ ይኸው ነበር፤ እያንዳንዱ ስልክ መሙያዎቹን የራሱን ልብስ ያለብሳቸዋል። በአንዱ ስልክ ሳጥኑ ክብ ይሆናል፣ በሌላው ጥላ ይኖረዋል፣ በእኔ አሮጌ ስልክ ደግሞ እንደ ሣንዱቅ ያብጣል። ሦስት ቀን ስትታገለው ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። «ሳጥኑን አንሺው» አልኳት። «ሳጥን ሰው ያስፈራል። ከሥር ቀጭን መስመር ብቻ አድርጊለት። እኔ እንደዚያ ነበር የማሰምረው።» ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የሆቴሉን ነገር ጠየቀችኝ፤ ስቴንስሉን፣ ብረቱን፣ መስመሩ ስንት ጣት እንደሚረዝም። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወረቀት አምጥቼ አሰመርኩላት፤ እጄ አልረሳም። «አክስቴ፣ እንዴት ያምራል!» አለችና ቁጭ ብላ ጻፈች። አንድ ትእዛዝ ነው የጻፈችው፤ ኢንፑት የተባለ ሁሉ ስልኩ ያለበሰውን ያውልቅ፣ ሳጥኑ ይጥፋ፣ ከሥሩ አንድ ቀጭን መስመር ይሁንለት፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ይርዘም። በቅጽበት ገጹ ሁሉ ጸዳ። የእኔ ቅጽ ነው! ያ ተቆጣጣሪ ብርሃን ላይ ያየው ቅጽ፣ አሁን በመስታወት ውስጥ። ኩራቴን ለመደበቅ ጎመኑን አንሥቼ ወጣሁ።

ቅጹ ሲከፈት ሰብለ ወልዲያ ሄዳ ነበር። ብቻዬን በስልኬ ሞላሁት። ስሜን ረጅሙ መስመር ላይ ጻፍኩ፤ ከነአያቴ ገባ። የክፍሎቼን ብዛት ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «በገና ሰሞን ክፍሎቼ በማኅበሩ በኩል ለእንግዳ እንዲከራዩ ፈቅጃለሁ» ይላል፤ ከሥሩ መስመር አለ። የጠበቅኩት ነገር መጣ አልኩ። «አልፈቀድኩም» ብዬ ልጽፍበት መስመሩን በጣቴ ነካሁት። ፊደሎቹ አልመጡም። ደግሜ ነካሁት። አልመጡም። መስመሩም ያው መስመር ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም፣ ምንም አልጠፋበትም። ባዶውን ተውኩት። ባዶ ማለት አልፈቀድኩም ማለት ነው፤ በእኔ ዘመን እንደዚያ ነበር። ላክሁት።

ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። ለገና የተፈቀዱ ቤቶች ይላል። ስሜ አለ፤ ከፊቱ «ሁለት ክፍል፣ ተይዟል» ይላል።  እማሆይ ብርቄ በዚያ ሰዓት ስንቃቸውን እየደቆሱ ይሆናል። ስልክ የላቸው፤ አትምጡ አልላቸው። ግድግዳውን ተደግፌ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ከዚያም ሌላ ነገር አየሁ። የጌታሁን ቤት የለበትም። አራት ክፍል ያለው ሰው! የኛን በር ከፍቶ የራሱን ዘጋ። ደስ አለኝ ብል ትታዘቡኛላችሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ስንት ዓመት የጠፋው የላይኛው ቅጂ የተገኘ ያህል፣ ማታለሉን በእጄ ያዝኩት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለአንዷ ነገርኩ፤ ለአንዷ መንገር ይበቃል። ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አዳራሽ ጢም አለ። ሰብለም ከወልዲያ መጥታ ከኋላ ቆማለች። ጌታሁን ገና «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ተነሣሁ።

«አቶ ጌታሁን፣ የእኔን ቤት ማን ፈቀደ?»

«እርስዎ ነዎት እትዬ። ተመዝግቦ ነው የመጣልን።»

«እኔ ምልክት አላደረግኩም። ያንተ ቤት ግን የለም። በሰው በር ነው የምትነግደው?»

አዳራሹ ጮኸ። አንዱ አዛውንት ከፊት ተነሥተው «የኔም አለ፤ እኔ አልፈቀድኩም!» አሉ። ከጥግ ደግሞ አንዲት ሴት «እኔ ፈልጌ ሞልቼ የኔ የለም! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለች። ጌታሁን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «የኔ ለምን እንደሌለ እኔም አላውቅም፤ በልጆቼ እምላለሁ» አለ። «በሚስትህ እህት ማል!» አልኩት። የሚያውቁ ሳቁ።

ያኔ ሰብለ ወደ ፊት መጣች። ስልኳን ከፍታ ቅጹን አወጣች። ያንን የመጨረሻ መስመር ነካች። ምንም አልታየም። እንደገና ነካች። 

«ጋሽ ጌታሁን፣ ይህን መስመር ስንት ጊዜ ነኩት?»

«አንዴ። የሚጻፍበት መስሎኝ።»

«አክስቴስ?»

«ሁለቴ» አልኩ። ለምን እንደመለስኩላት አላውቅም።

«መስመር አይደለም» አለች፤ ስልኩን ወደ ሰዉ አዙራ። «ቼክቦክስ ነው። ትንሽ ሳጥን መሆን ነበረበት፤ ውስጡ ምልክት የሚታይበት። እኔ ሁሉንም መሙያ በአንድ ትእዛዝ መስመር አድርጌው ሳጥኑም ምልክቱም ጠፋ። ምልክቱ ግን ሳይነካም ከሥር አለ። አንዴ የነካው አጥፍቶታል። ሁለቴ የነካው አጥፍቶ መልሶታል። ያልነካውም እንዳለ ልኮታል። ለየዓይነቱ ለብቻ ማዘዝ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጌታሁን አልደበቀም ማለት ነው። ቤቱ የጠፋው እንደኛው ሲደናበር አንዴ ነክቶት ነው።  ከኋላ ጉምጉምታው ወደ ሰብለ ዞሯል፤ «ለልጅ ሥራ ሲሰጥ እንዲህ ነው» ይላል አንዱ፣ «ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይምጣ» ይላል ሌላው።  ይችን ልጅ በገዛ ቃሏ እየቀበሯት ነው፤ ለጌታሁን ጥሩ ቀን ነው። ለእኔም ቢሆን ዝም ማለት ይቀላል፤ ክፍሎቼ ይመለሱልኛል፣ ስሜም አይነሣም።

«መስመር ይሁን ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ አልነበረም፤ ግን ሰሙኝ። «ሳጥኑን አንሺ ያልኩ እኔ ነኝ። መስመሩ የኔ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ነገር ትንገረን። ሰብለ፣ ማንም ሳይነካው ምልክቱ አስቀድሞ እዚያ ምን ይሠራል? ማን አድርጊ አለሽ?»

ሰብለ ጌታሁንን አየችው። አዳራሹም አየው።

«አዛውንቶች በስልክ እንዳይቸገሩ ነው» አለ ጌታሁን። «አብዛኛው ይፈቅዳል ብዬ። ቤቶቹ ስንት ዓመት ባዶ ከርመዋል፤ ለማን ብዬ መሰላችሁ?»

«እኛ እንዳንቸገር አንተ ፈቀድክልን» አሉ አዛውንቱ።  ዝርዝሩ ይቀደድ፣ ቅጹ ይታረም፣ ሁሉም እንደገና ይሙላ፣ ምልክቱን የሚያደርገው ባለቤቱ ብቻ ይሁን ተባለ። ሰብለ ትተካ ያለ አልነበረም።

ስወጣ ጌታሁን ደጁ ላይ ጠበቀኝ። «እትዬ ዘነቡ» አለ፣ ጫማውን እያየ፤ «ያን ጊዜ ያንን ወረቀት… ከላይ ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«አሁን በሕይወት የለም።»

«አንተን የሚያዝህ ሰው ሁሉ ይሞታል» አልኩትና አልፌው ሄድኩ። የመጣው ለይቅርታ ይሁን ወይስ የማውቀውን ያህል ለመለካት፣ እስከ ዛሬ እያሰላሰልኩት ነው።

ሰብለ በማግሥቱ ጠዋት አረመችው። ትእዛዙን ከፋፈለችው፤ ጽሑፍ የሚቀበለው ብቻ መስመር ይኑረው፤ ቼክቦክስ የሆነው ግን ሳጥኑ ይመለስለት፣ ዳሩ ይወፍር፣ ሲነካ ምልክቱ ጥቁር ሆኖ ይታይ። ስልኬን ወስጄ ሳጥኑን ነካሁት፤ ምልክቱ መጣ። ነካሁት፤ ሄደ። ስንት ጊዜ እንደነካሁት አላውቅም፤ ሰብለ «አክስቴ፣ ይበቃል፣ ይሠራል» እስክትል። ባዶ መሆኑን አይቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አይቼ፣ ላክሁት። ያም ሆኖ አላመንኩም። አዲሱ ዝርዝር በሚለጠፍበት ቀን ገና ቢሮው ሳይከፈት ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር። ጌታሁን ራሱ ሙጫ ይዞ መጣ፣ ለጠፈ፣ ገባ። ስሜን ፈለግኩ። «ዘነቡ፣ ሁለት ክፍል፣ ለገና አልፈቀዱም» ይላል። ከዚያ ሰው እጅ ከወጡት ወረቀቶች ሁሉ እኔ ያልኩትን ያለ የመጀመሪያው ነው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለመኖሩን በጥፍሬ ጫፍ አየሁ፤ ከዚያም ገንጥዬ አወረድኩት።

ጌታሁን በመስኮት አየኝ። «ኧረ እትዬ! ሌላም ሰው ያነበዋል እኮ!»

«ሌላ አትም» አልኩት። «ማተሙን እንኳ ታውቅበታለህ።»

ወረቀቱን አጥፌ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩና፣ ክፍሎቹን ልጠርግ፣ ሣርም ላሳጭድ ወደ ቤቴ ሄድኩ።